ከአማቴ ጎን በቢዝነስ ክላስ

ከሰቆጣ የውሃ ፓምፕ ጠጋኞች መካከል በቢዝነስ ክላስ ብራዚል ድረስ የሄድኩት እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። ስለዚህ ሰው ሁሉ ይጠይቀኛል። መሥሪያ ቤት፣ ሻይ ቤት፣ ለቅሶ ቤት ሳይቀር «ሞላ፣ ያ ወንበር እውነት አልጋ ይሆናል?» ይሉኛል። ይሆናል እላቸዋለሁ። «ተኛህበት?» ሲሉኝ ግን ዝም እላለሁ፤ መልሱ ረጅም ነው። ዛሬ ልጻፈውና ልገላገል።

የዚያን ጊዜ ባለቤቴ ዝናሽ ብራዚል ነበረች። የእንስሳት እርባታ ባለሙያ ናት፤ በደረቅ አገር ፍየል እንዴት እንደሚረባ ለመማር ነፃ የትምህርት ዕድል አግኝታ ሄደች። ስትሄድ ማርገዟን እሷም እኔም አላወቅንም ነበር። ካወቀች በኋላ ትምህርቱን ማቋረጥ አልፈለገችም፤ እኔም አቋርጪ ብዬ አላስጨነቅኳት። ወሯ እየገፋ ሲመጣ ሐኪሞቹ የደም ግፊት አገኙባትና በቀዶ ሕክምና ልትወልድ እንደምትችል ነገሯት። ስልክ ደውላ ያለችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «እናቴን አምጣልኝ።»

እናቷ ወይዘሮ ትርንጎ ይባላሉ። የመሪጌታ ሚስት ነበሩ፤ ባላቸው ካረፉ ቆይተዋል። በአማርኛ ይገበያያሉ፣ ሲቆጡና ሲጸልዩ ግን የዋግ አገው ቋንቋ፣ ኽምጣንጛ ነው የሚቀናቸው። የስኳር በሽታ ስላለባቸው በየቀኑ ራሳቸውን በመርፌ ይወጋሉ። መርፌውን ያስተማረቻቸው ነርስ አንድ ነገር ደጋግማ ነግራቸዋለች፤ ከወጉ በኋላ ሳይቆዩ መብላት። መርፌው ደም ውስጥ ያለውን ስኳር ያወርደዋል፤ ምግብ ካልተከተለው ሰው እስከ መጣል፣ እስከ መግደልም ይደርሳል። ለዚህ ሲባል የነፍስ አባታቸው መምሬ ተካ ከጾም ሁሉ ፈትተዋቸዋል፤ ከሁዳዴም፣ ከፍልሰታም፣ ከረቡዕና ዓርብም። ወይዘሮ ትርንጎ መጀመሪያ አለቀሱ፣ ኋላ ለመዱት።

ከአማች የፈታቸው ግን አልነበረም።

ይህን ለማያውቅ ላስረዳ። በእኛ ዘንድ አማትና አማች አንዱ የሌላውን አፍ አያይም። አማች ሲመጣ አማት ነጠላዋን ወደ አፏ ትስባለች፤ ምግቡን ታቀርብና ጓዳ ትገባለች፤ እሱ በልቶ እጁን ሲታጠብ ትወጣለች። እሷ የምትበላ ከሆነም እሱ ሰበብ ፈልጎ ከቤት ይወጣል። እየዋለ እያደረ የሚላላበት ቤት አለ። በእኛ ቤት አልላላም። ከዝናሽ ጋር ከተጋባን ዓመታት አልፈዋል፤ ወይዘሮ ትርንጎ ሲያኝኩ አይቼ አላውቅም። ጥርሳቸው ሙሉ ይሁን ጎደሎ ብትጠይቁኝ መልስ አልነበረኝም። ይህን እንደ ችግር አልቆጥረውም ነበር። እንዲያውም ይመቸኝ ነበር፤ አማቴ ቤት ማንም ሳያየኝ እንደ ልቤ እበላለሁ።

ከመነሳታችን በፊት ዝናሽ ደወለች።

«እማዬ መርፌዋን ከወጋች በኋላ መብላቷን በዓይንህ እይልኝ» አለች።

«በዓይኔ?»

«በዓይንህ። ሰው ካለ ታፍራለች፣ ካፈረች ትተወዋለች።»

«ዝናሽ፣ እኔ እኮ አማቻቸው ነኝ።»

«ዘዴ ፈልግ» አለችኝ።

ዘዴ ፈለግኩ። ከሰቆጣ እስከ አዲስ አበባ በመኪና ስንመጣ ነገሩ ቀላል ነበር። እሳቸው ከፊት ከሴቶች ጋር፣ እኔ ከኋላ። ምሳ ለመብላት ስንወርድ እሳቸው ከሴቶቹ ጋር ይቀመጣሉ፣ እኔ ከሾፌሩ ጋር። ስንሳፈር ከሴቶቹ አንዷን «በሉ?» እላታለሁ፣ «በሉ» ትለኛለች። ለአውሮፕላኑም እንዲሁ አሰብኩ። ትኬት የቆረጠልንን የዝናሽን ወንድም፣ አንዱን ወንበር ከፊት አንዱን ከኋላ አድርግ አልኩት። አጠገባቸው የምትቀመጠውን ሴት፣ ማንም ትሁን ማን፣ አደራ ልላት ተዘጋጅቼ ነበር።

አየር ማረፊያ ስንደርስ ትኬት የምታየው ልጅ ኮምፒውተሯን አየች፣ የወይዘሮ ትርንጎን ያበጠ እግር አየች፣ እንደገና ኮምፒውተሯን አየች።

«ኢኮኖሚው ሞልቷል» አለችኝ። «ሁለታችሁንም ቢዝነስ ክላስ አድርጌያችኋለሁ። እናትዎ ናቸው?»

«አማቴ ናቸው።»

«ጎን ለጎን ነው የሰጠኋችሁ። እንኳን ደስ ያላችሁ።»

ከኋላችን የተሰለፈው ሰው በቅናት አየኝ። ወይዘሮ ትርንጎ ነጠላቸው ውስጥ ሆነው «ምን አለች?» አሉኝ። «ሰፊ ቦታ ሰጥታናለች» አልኳቸው። «እግዜር ይስጣት» አሉ።

እንግዲህ ወንበሩን ልንገራችሁ፤ የምትፈልጉት ይህን ነው። ሰፊ ነው፣ ከቆዳ የተሠራ ነው፣ ክንዱ ላይ ብዙ ቁልፍ አለው። አንዱን ሲጫኑት እግር ይነሳል፣ ሌላውን ሲጫኑት ጀርባ ይወርዳል፤ ሁለቱም ሲሠሩ ሰው እንደ ቤቱ ይዘረጋል። የእኛ ሁለት ወንበሮች ግን የተያያዙ ነበሩ። መሃላችን ያለው ክንድ የሚያሳርፉበት ሰሌዳ ብቻ ነው። ሁለታችንም ከተዘረጋን እኔና አማቴ እንደ ባልና ሚስት ጎን ለጎን ተኝተን ውቅያኖስ ልንሻገር ነው። ይህን ሳስበው አላበኝ።

አስተናጋጇን ቀስ ብዬ ጠራኋት። ሜሮን ትባላለች፤ ደረቷ ላይ ተጽፏል።

«እህቴ፣ ሌላ ቦታ የለም?»

«አልተመችዎትም?»

«እሱስ ተመችቶኛል። ብቻ ለየብቻ ብንሆን ብዬ ነው።»

«ሞልቷል ጌታዬ። ኋላም ቦታ ጠፍቶ ነው እናንተን እዚህ ያመጧችሁ። ምን ችግር አለ?»

በዚያች አፍታ ምን ብዬ ላስረዳት? «እግሬ ነው» አልኳት። ሄዳ ተጨማሪ ትራስ አመጣችልኝ።

ወይዘሮ ትርንጎ በመስኮቱ በኩል ነበሩ። ትከሻቸውን ወደ እኔ፣ ፊታቸውን ወደ ደመናው አድርገው ተቀመጡ። እኔም ፊቴን ወደ መተላለፊያው አዞርኩ። እንዲህ ጀርባና ጀርባ ሆነን ከአዲስ አበባ ሰማይ ወጣን። ትኩስ ፎጣ መጣ፤ እጃቸውን ጠራርገው፣ አጣጥፈው፣ አመስግነው መለሱ። ለውዝ መጣ፣ ጭማቂ መጣ፣ ሻይ ከዳቦና ከማር ጋር መጣ። በእጃቸው ምልክት ሁሉንም አለፉት። ትንሽ ቆይተው ሜሮንን በእጃቸው ጠሯት።

«ልጄ፣ የማን ተዝካር ነው ይሄ?»

ሜሮን ሳቀች። «የማንም አይደለም እማማ። ለእናንተ ነው።»

ማሩ በአውራ ጣት የምታክል ጠርሙስ ውስጥ ነበር። ወይዘሮ ትርንጎ ከሜሮን ትሪ ላይ አነሷትና በመስኮቱ ብርሃን ገለባብጠው አዩአት። የሰቆጣ ሰው ማር ሲያይ እንደዚያ ነው፤ የነጭ ማር አገር ስለሆንን እንኮራለን። «ይህን ነው ማር የምትሉት?» አሏት። ከዚያ ጠርሙሷን በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሯት። አገር ቤት ወስደው ሊስቁባት መሆኑ ገባኝ። እኔም ወደ መተላለፊያው ዞሬ ሳቅኩ።

ከሰዓታት በኋላ ምሳ መቅረብ ጀመረ። ወይዘሮ ትርንጎ ጠረጴዛዎቹ ላይ ነጭ ጨርቅ ሲነጠፍ ባዩ ጊዜ ትንሿን ቦርሳቸውን ይዘው ወደ መጸዳጃ ክፍል ሄዱ። መርፌያቸውን ሊወጉ ነው። እስከዚህ ድረስ ሁሉም በሥርዓቱ ነበር። ሲመለሱ እኔ ተነሳሁ። ለሜሮን «እኔ በልቻለሁ፣ አልፈልግም» አልኳትና ከመጋረጃው ወዲያ፣ ምግብ የሚሰናዳበት ጥግ ሄጄ ቆምኩ። እሳቸው በልተው እስኪጨርሱ እዚያ ልቆም ነበር ሐሳቤ። እስኪ ከዚህ የተሻለ ዘዴ ምን ነበረኝ?

ዘዴዬን አየሩ አበላሸው። አውሮፕላኑ መንገጫገጭ ጀመረ፣ የቀበቶው ምልክት በራ፣ ሜሮንም «ጌታዬ፣ ወደ ቦታዎ» አለችኝ። አሻፈረኝ ማለት አይቻልም። መጋረጃውን ገልጬ ስመለስ የወይዘሮ ትርንጎ ማንኪያ ከሳህን ወደ አፍ በጉዞ ላይ ነበር። አዩኝ። ማንኪያው ወረደ፣ ነጠላው ወጣ።

ቀበቶዬን አሠርኩ። የቀረኝ አንድ መንገድ ነበር። ከትራሱ ጋር የሰጡንን የዓይን መሸፈኛ አጠለቅኩ፣ ጀርባዬን ሰጠኋቸው፣ ተኛሁ። ማለት የተኛሁ መሰልኩ። እንዲያምኑኝም ጥቂት አንኮራፋሁ። ለተወሰነ ጊዜ ከጎኔ ምንም አልተሰማም። ከዚያ ማንኪያው ሳህኑን ሲነካ ሰማሁ። ቅጭል። እንደገና ቅጭል። ልቤ አረፈ። ዝናሽ በዓይንህ ብላኛለች፤ በጆሮዬ ከሰማሁም ያው ነው አልኩ። በዚያ ደስታ የውሸት እንቅልፌ የእውነት ሆነ።

ስነቃ መብራቱ ደብዝዟል፣ መስኮቶቹ ተዘግተዋል። ከመጋረጃዎቹ ሥር በሚያፈተልከው ብርሃን ውጭ ገና ቀን መሆኑ ያስታውቃል፤ ፀሐይን ተከትለን ስለምንበር ቀኑ አላልቅ ብሎ ነበር። መጀመሪያ ያየሁት ነጠላውን ነው። ወለሉ ላይ ወድቋል። ቀና ስል የወይዘሮ ትርንጎን ሽበት አየሁ። ያን ፀጉር በሕይወቴ አይቼው አላውቅም፤ ወዲያው ፊቴን አዞርኩ። ልማድ ነው። ዞሬ ትንሽ ከቆየሁ በኋላ ነው፣ እኒህ ሴት በጤናቸው አማቻቸው ፊት ነጠላቸውን እንደማይጥሉ ያሰብኩት።

ተመልሼ አየኋቸው። ፊታቸው ላብ በላብ ሆኗል። እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ እህል እንደሚለቅም ሰው ብርድ ልብሱን በጣቶቻቸው ጫፍ ይለቅማሉ። በኽምጣንጛ እየተጣደፉ ያወራሉ። አባቴ ኽምጣንጛ ከሚነገርበት ከጋዝጊብላ ወረዳ ቢሆንም እኔ ያደግኩት ወልድያ ነው፤ ኽምጣንጛዬ የገበያ ነው። ስለ ፍየሎች የሆነ ነገር፣ ስለ በር የሆነ ነገር፣ ደግሞ ዝናሽ የሚል ስም ለየሁ። ልጃቸው በሩን እንድትዘጋ የሚነግሯት መሰለኝ።

«እማማ» አልኳቸው። «እማማ ትርንጎ፣ ምን ሆኑ?»

አይተውኝ አለፉኝ።

የጥሪውን ቁልፍ ተጫንኩ። ሜሮን መጣች።

«ምሳ በልተዋል?» አልኳት።

«አዎ፣ በልተዋል። ሳህናቸውን ያነሳሁት እኔ ነኝ፣ ባዶ ነበር።»

በዚህ መሃል እግሬ የሆነ ነገር ነካ። ሲያቅለሸልሽ የሚጠቀሙበት የወረቀት ከረጢት ነው። ከፈትኩት። ሩዙ፣ ሥጋው፣ ዳቦው፣ ምሳቸው ሙሉውን በጨርቅ መሐረብ ተጠቅልሎ እዚያ ውስጥ ተቀምጧል። አልጣሉትም። ምግብ የሚጥሉ ሴት አይደሉም። እኔ የማላይበት ጊዜ ሲመጣ ሊበሉት አስቀምጠውታል።

ማንኪያውስ? ማንኪያው በባዶው ሳህን ላይ ነበር የሚጮኸው። የሥራዬ ነገር ሆኖ፣ ውሃ አጥቶ በባዶ የሚዞር ፓምፕ ከሩቅ በድምፁ እለያለሁ። ያን ማንኪያ ግን አልለየሁትም።

ለሜሮን በአጭሩ ነገርኳት። ልጅቷ ሥልጠናዋን የያዘች ነበረች፤ አልጮኸችም፣ አልተደናገጠችም። ሄዳ ስኳር የበዛበት የብርቱካን ጭማቂ አመጣችና ወደ አፋቸው አስጠጋችው። ወይዘሮ ትርንጎ አፋቸውን በመዳፋቸው ሸፈኑ። «እማማ፣ ትንሽ ብቻ ይቅመሱልኝ» አለቻቸው። አማርኛው አልደረሳቸውም። መዳፋቸውን ልታነሳ ስትሞክር ገፈተሯት።

የአስተናጋጆቹ አለቃ መጣ፤ ጠና ያለ ሰው ነው። በድምፅ ማጉያ ሐኪም ካለ ብሎ ጠየቀ። ማንም አልተነሳም።

«በግድ እንዳታጠጧቸው» አለን። «ትን ካላቸው የባሰ ነው። ድዳቸው ላይ የሚቀባ ጣፋጭ ነገር ይሻላል። ካልነቁ ካፒቴኑ አቅጣጫ ይቀይራል።»

«ወዴት?»

«ወደ ኋላ። ባሕሩን ገና መጀመራችን ነው፤ ቅርቡ አየር ማረፊያ ከኋላችን ነው የቀረው። እስከዚያም ጥቂት መንገድ አይደለም።»

ፈራሁ። የፈራሁት ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ ከኋላችን ወዳለው የማናውቀው አገር ተመልሰን፣ ዝናሽ እናቷን እየጠበቀች ብቻዋን ቀዶ ሕክምና ክፍል እንዳትገባ ነው። ሁለተኛው፣ እዚያም ሳንደርስ እኒህ ሴት እዚህ ወንበር ላይ፣ በእጄ ላይ እንዳያልፉ ነው። ለዝናሽ ምን ልላት ነው? በጨዋነት ሞቱ ልላት ነው?

ያኔ ማሩ ትዝ አለኝ። ነጠላውን ከወለሉ አነሳሁ። ቋጠሮው ጠብቋል፤ በጥርሴ ፈታሁት። ጠርሙሷን ከፍቼ ጣቴን ነከርኩና ወደ አፋቸው ሰደድኩ። መዳፋቸውን የባሰ አጥብቀው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። አእምሯቸው ከእሳቸው ጋር አልነበረም፤ የት እንዳሉ አያውቁም፤ አጠገባቸው የተቀመጠው አማች መሆኑን ግን እጃቸው ያውቃል።

«እርስዎ ዞር ይበሉላቸው፤ እኔ ልሞክር» አለች ሜሮን። ዞር አልኩላት። እሷንም ገፏት።

ከዚያ ያደረግኩትን አስቤ አላደረግኩትም። ከወንበራቸው ፊት ወለሉ ላይ ተንበረከክኩ፣ ፊታቸው ከፊቴ እንዲገጥም። የማውቃትን ያህል ኽምጣንጛ አወጣሁ። ይዩኝ አልኳቸው። እየበላሁ ነው አልኳቸው። ከዚያ ጣቴን ማሩ ውስጥ ነክሬ፣ አፌን በሰፊው ከፍቼ፣ እያዩኝ በላሁ። አኘክኩም። ማር አይታኘክም፣ እኔ ግን አኘክኩ፤ ጥርሴንና ምላሴን፣ ለዓመታት የደበቅኩትን ሁሉ አሳየኋቸው። ሜሮን የሁለታችን አእምሮ የጠፋ መስሏት ይሆናል።

ወይዘሮ ትርንጎ የሚለቅሙትን አቆሙ። አፌን አዩት። ሕፃን ልጅ የሚበላ ሰው እንደሚያይ ነው ያዩት። እኔ እንደገና በላሁ። ይብሉ አልኳቸው። መዳፋቸው ቀስ እያለ ወረደ።

የአማቴን አፍ ከፍቼ በጣቴ ማር ቀባሁ። ድዳቸውን፣ የጉንጫቸውን ውስጥ። ጠርሙሷን ጠርጌ ጨረስኩ። ሜሮን ሌላ አምጥታ በላዩ ላይ ጨመረችልኝ። ትንሽ ቆይተው መዋጥ ጀመሩ፤ ጭማቂውን ሳስጠጋላቸው ራሳቸው ብርጭቆውን ያዙት። ላባቸው እየደረቀ ሄደ። የአስተናጋጆቹ አለቃ ስልክ አንስቶ ለካፒቴኑ እንዲጠብቅ ነገረው፤ ቆይቶ እንደገና አነሳና መንገዳችንን እንድንቀጥል ነገረው። አውሮፕላኑ አልዞረም።

ወይዘሮ ትርንጎ ዙሪያቸውን አዩ፣ እኔን ወለሉ ላይ አዩኝ፣ እጃቸውን ወደ ራሳቸው ሰደዱ።

«ነጠላዬ» አሉ። በአማርኛ።

ሰጠኋቸው። ራሳቸውን ሸፈኑ። ወደ አፋቸው ግን አልሳቡትም።

ሜሮን ምግብ አመጣች። አሁኑኑ መብላት አለባቸው፣ ያለበለዚያ ተመልሶ ይወርዳል አለች። እኔ ከወለሉ ተነሳሁና ወደ መጋረጃው መሄድ ጀመርኩ።

«አቶ ሞላ» አሉኝ።

«አቤት እማማ።»

«ይቀመጡ። እርስዎ በልተዋል?»

በልቻለሁ ልል አፌን ከፈትኩ፤ ተውኩት። «አልበላሁም» አልኩ።

«አውቃለሁ። የተኛ ሰው እንደዚያ አያንኮራፋም።»

አፈርኩ። «እርስዎስ፣ ማንኪያውን ለምን አንኳኩ?»

«እንዳልተኙ ሳውቅ ምን ላድርግ? በልታለች ብለው እንዲያርፉ ነው እንጂ። እርስዎ ለእኔ ተኙ፣ እኔ ለእርስዎ በላሁ።» ከዚያ ለሜሮን «ለእኒህም አምጪላቸው» አሏት።

በላን። መጀመሪያ ሁለታችንም ሳህን ሳህናችንን እያየን ነበር። ከዚያ አንድ ጊዜ ቀና ስል አየኋቸው፤ እሳቸውም እያዩኝ ነበር። የፊት ጥርሳቸው አንዲት ጎድላለች፣ በግራ በኩል። አሁን ብትጠይቁኝ አውቃለሁ። ሲጨርሱ ባዶዋን የማር ጠርሙስ አንስተው አሸተቷት።

«ስኳር ቀላቅለውበታል» አሉ። «ሳየውም ጠርጥሬ ነበር።»

«እሱ ነው ያዳነዎት እማማ።»

«ቢሆንም ማር አይደለም።»

ከዚያ ሜሮን ወንበራቸውን ዘረጋችላቸውና ተኙ፤ ፊታቸውን ሳይሸፍኑ። እኔ የራሴን አልዘረጋሁም። እስክናርፍ ድረስ ቀጥ ብዬ ተቀምጬ ሲተነፍሱ አየሁ። ይኸው የጥያቄያችሁ መልስ፤ አልጋ ይሆናል፣ እኔ ግን አልተኛሁበትም።

ዝናሽ ሆዷ ገፍቶ አየር ማረፊያው በር ላይ ቆማ ነበር። ገና ሳትስመኝ «በላች?» አለችኝ።

«በሉ።»

«በዓይንህ አየህ?»

«አየሁ» አልኳት። ዝርዝሩን የነገርኳት ከወለደች በኋላ ነው። እንደተፈራው በቀዶ ሕክምና ወለደች፤ እናቷ በሩ ላይ ነበሩ፣ እኔም ከጎናቸው። ሴት ልጅ ናት።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ወጋችንን ልነቅፍ የተነሳሁ እንዳይመስላችሁ። ያ ነጠላ ለእኔ የተሰጠ ክብር ነው፤ ሌላ ማንም ያን ያህል አክብሮኝ አያውቅም። ነገር ግን ለእግዜር የሚጾሙትን ጾም ሐኪምና ቄስ ተማክረው ሲፈቱ፣ ለእኔ የሚጾሙት ጾም እንዳለ ማንም አላሰበም። እኔ ራሴ አላሰብኩም። አንዳችን ለሌላችን ስንጠነቀቅ ማንኛችንም «በልተዋል ወይ?» ብለን በግልጽ አልተጠያየቅንም። ከዚያ ወዲህ እጠይቃለሁ። አንዳንድ ሰው ደረቅ ሆነሃል ይለኛል፤ ይበለኝ።

ሰቆጣ ከተመለስን በኋላ ነገሩ ወደ ነበረበት የሚመለስ መስሎኝ ነበር። ወይዘሮ ትርንጎ ሰው ፊት ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ይስቡ ጀመር። እኔም ቅር አላለኝም፤ ብቻችንን ስንሆን መብላታቸውን አያለሁና። ዝናሽ ትምህርቷን ጨርሳ ከልጃችን ጋር በመጣች ጊዜ ወይዘሮ ትርንጎ ቤት ድግስ ተደገሰ። ዘመድ ሁሉ ተሰበሰበ። መምሬ ተካ መደቡ ላይ በክብር ተቀምጠዋል፤ እኔ ከእሳቸው ወረድ ብዬ። ምግብ ቀረበ፣ ተባረከ። ወይዘሮ ትርንጎ እንደ ልማዳቸው ወደ ጓዳ ገቡ።

ጥቂት ቆይተው ወጡ። በእጃቸው ሳህን ይዘዋል። በሰው መሃል አልፈው መጡና አጠገቤ ተቀመጡ፤ ነጠላቸውን ከአፋቸው ገለጥ አደረጉ፤ እንጀራቸውን ቆረሱ።

የዝናሽ አክስት የያዘችውን ማሰሮ እንደያዘች ቀረች። መምሬ ተካ በክርስትና ስማቸው ጠሯቸው።

«ወለተ ማርያም፣ ምነው?»

«አባቴ» አሉ ወይዘሮ ትርንጎ፣ «እርስዎ ከጾም ፈትተውኛል። ከአማች የፈታኝ ግን አልነበረም። እኒህ ሰው ፈቱኝ።»

መምሬ ተካ እኔን አዩኝ። ከዚያ ሳህኑን አዩት። መስቀላቸውንም ከኪሳቸው አወጡ።

«መርፌውን ወግተሻል?» አሏቸው።

«ወግቻለሁ አባቴ።»

«እንግዲያ እግዚአብሔር ይፍታሽ» አሉና አሳለሟቸው። «ብዪ።»

በሉ። እኔም አጠገባቸው በላሁ።